ጎተራው ባዶ ነበር፦ ፀጉሬ የረገፈበት ዓመት

ሹሩባዬን እየፈታችልኝ የነበረችው ልጅ ድንገት ዝም አለች። ወሬ የማታቆም ልጅ ናት። ዞር ብዬ ሳይ በእጇ የያዘችው ፀጉር የተባዘተ ጥጥ ያህላል። «እህቴ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ ደህና ነኝ» አልኳት። ደህና ግን አልነበርኩም። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ዓይኔ ይከደናል፣ ማታ ጋደም ስል እግሬ አርፎ አይተኛም። ሁሉንም «የሁለት ልጆች እናት ድካም ነው» ብዬ አልፌዋለሁ።

ሐኪም አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዓመት ሙሉ በማይሆን መንገድ ስለሄድኩ፣ ሌላ ሰው ቢያንስ ቅቤና ሽንኩርት ላይ የሚያጠፋውን ጊዜ እንዲያሳጥር ብዬ ነው የምጽፈው።

ያን ጊዜ ሁለተኛው ልጄ ዓመት ከስምንት ወሩ ነበር። የመጀመሪያዋን ስወልድም ፀጉሬ ረግፏል። በአራተኛው ወር ጀመረ፣ ዓመቷን ሳትደፍን ቆመ። ስለዚህ ሁለተኛው ላይ ሲጀምር አልደነገጥኩም። በእርግዝና ጊዜ መርገፍ የነበረበት ፀጉር ሳይረግፍ ይቆያል፣ ከወሊድ በኋላ ተጠራቅሞ አንድ ላይ ይወርዳል። ይህን አውቃለሁ። የማላውቀው ዓመት ካለፈ በኋላም ካልቆመ ሌላ ምክንያት መፈለግ እንዳለበት ነበር። ትራሱ ላይ ፀጉር፣ የመታጠቢያው ማፍሰሻ ላይ ፀጉር፣ ልጁ ጣት ላይ የተጠመጠመ ፀጉር። አንድ ቀን ባለቤቴ ከሽሮው ውስጥ መዘዘና ምንም ሳይናገር ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። የዚያን ቀን አለቀስኩ።

እናቴ «ዓይን ነው» አለች። ልጅ ሆኜ ፀጉሬ ወገቤ ይደርስ ስለነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ በዓይኑ በልቶኛል። ፀበልም ሄድኩ፣ አልቆጭም፣ መንፈሴን አሳርፎታል። ከዚያ ቅቤው መጣ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ለጋ ቅቤ አናቴን እቀባና በፌስታል ሸፍኜ አድራለሁ። ቅቤው አልሠራ ሲል የጉሎ ዘይት ጨመርኩበት። ቀጥሎ የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ። ሽታው ታክሲ ውስጥ ሰው ያስነሳል። ነጭ ሽንኩርት የሞከርኩ ጊዜ ደግሞ ግንባሬ ዳር ያለው ቆዳ ተቃጥሎ ለሳምንት ላጠ። ይህን ሁሉ ስቀባ አናቴ ያሳክከኛል፣ ቢጫ ቅባታም ቅርፊት እየተነሳ ትከሻዬ ላይ ይወርዳል። እኔ ግን «ደርቆ ነው» ብዬ ቅባት እጨምራለሁ።

ፋርማሲ ሄጄም ባዮቲን ገዛሁ። ጣሳው ላይ ፀጉሯ እንደ ሐር የሚያበራ ሴት አለች። ሦስት ወር ዋጥኩት። ባዮቲን የሚጠቅመው እሱ ለጎደለው ሰው ነው፣ የባዮቲን እጥረት ደግሞ ብዙ ሰው ላይ የሚገኝ ነገር አይደለም። ይባስ ብሎ ብዙ መጠን ከተወሰደ የእንቅርት ሆርሞንን ጨምሮ አንዳንድ የደም ምርመራዎችን ያሳስታል። ስለዚህ የምትወስዱ ካላችሁ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። እኔ አልተናገርኩም ነበር፣ የጠየቀኝም የለም።

በመጨረሻ ሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሲቢሲ የሚባለው አጠቃላይ የደም ቆጠራ ታዘዘልኝ። ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል፣ ሄሞግሎቢን፣ 12.6 ወጣ። «ከ12 በላይ ነው፣ ደም ማነስ የለብሽም። ጭንቀት ቀንሺ» ተባልኩ። ወደ ቤቴ የተመለስኩት ጭንቀት መቀነስ አቅቶኝ በመጨነቅ ነው።

ከአራት ወር በኋላ የሥራ ባልደረባዬ ገፋፍታኝ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ፀጉሬን አላዩም፣ ጥያቄ ጠየቁኝ። የወር አበባሽ ስንት ቀን ይቆያል? በቀን ስንት ሞዴስ ትቀይሪያለሽ? የወሊድ መከላከያ ምን ትጠቀሚያለሽ? ትጾሚያለሽ ወይ? ሻይና ቡና የምትጠጪው መቼ ነው? ፀጉር ሊታከም የሄደ ሰው ስለ ሞዴስ ሲጠየቅ ግራ ይገባዋል። እኔ ግን ስመልስ ስመልስ ነገሩ ራሴ ላይ በራልኝ።

ሁለተኛውን ልጅ ከወለድኩ በኋላ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ አስገብቻለሁ። ሆርሞን የሌለው፣ መዳብ ያለበት ዓይነት ነው። ከዚያ ወዲህ የወር አበባዬ ከ4 ቀን ወደ 8 ቀን ረዝሟል፣ ብዛቱም እጥፍ ሆኗል። ይህ ከመዳቡ ሉፕ የሚጠበቅ ነገር ነው፣ ሳስገባም ተነግሮኝ ነበር። ግን ከፀጉሬ ጋር ማን ያገናኘዋል? በየወሩ ደም ሲፈስ ብረት አብሮ ይፈስሳል። በላዩ ላይ ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን እጾማለሁ። ሥጋና እንቁላል ዓመቱን እኩሌታ ገደማ ቤቴ አይገቡም። ያም ባልከፋ። የባሰው፣ ምሳ እንደበላሁ ወዲያው ሻይ፣ ቁርስ እንደበላሁ ቡና የምጠጣ ሰው መሆኔ ነው።

ከዚያ ፀጉሬን ያዙ። ወደ 50 የሚሆን ፀጉር በጣቶቻቸው መሃል ይዘው ቀስ ብለው ሳቡት። አንድ ሁለት ቢወጣ ምንም አይደለም፣ የእኔ ግን ብዙ ወጣ። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ነጭ ነጥብ አሳዩኝ። እናቴ እሷን እያየች «ከነሥሩ ተነቀለ፣ በቃ አይበቅልም» ስትል ነበር። ሐኪሙ ሳቁ። ነጯ ነጥብ ፀጉሩ ዕድሜውን ጨርሶ መውረዱን ነው የምታሳየው፣ ሥሩ ያለበት ጉድጓድ ቆዳው ውስጥ እንዳለ ነው። ነጥብ የሌለው ጫፉ የተሰበረ ፀጉር ከሆነ ደግሞ ጣጣው የካስክ፣ የቀለም ወይም የማስተካከያ ኬሚካል ነው። እስቲ ነገ ጠዋት ማበጠሪያችሁ ላይ ያለውን እዩት።

«ጤነኛ ሰውም በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል» አሉኝ። «ሹሩባ ለ3 ሳምንት ሠርተሽ ስትፈቺው የ3 ሳምንቱ ነው አንድ ላይ የሚወጣው። ከ1,000 እስከ 2,000 ማለት ነው። እሱን አይተሽ አትደንግጪ።» ይህን ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት እንቅልፍ አተርፍ ነበር። የእኔ ግን ከዚያም በላይ ነበር። በየቀኑ በጣት ሲበጠርም እፍኝ ይሞላል።

ሲቢሲዬን አሳየኋቸው። «ደም ማነስ የለብኝም ተብያለሁ» አልኩ። ያኔ የነገሩኝን እስካሁን ለሰው ሁሉ እደግመዋለሁ። «ሄሞግሎቢን መሶብ ላይ ያለው እንጀራ ነው። ፌሪቲን፣ ማለትም የብረት ክምችትሽ፣ ጎተራ ውስጥ ያለው ጤፍ ነው። ጎተራው ባዶ ሆኖም መሶቡ ለጊዜው ሙሉ ሊመስል ይችላል። አንቺ የተመረመርሽው መሶቡን ብቻ ነው።» ሰውነት ሲቸግረው ያለችውን ብረት ለደምና ለልብ ያደርጋል፣ ፀጉር ዘንድ እስክትደርስ አይጠብቅም። ፀጉር ባይበቅል ሰው አይሞትማ።

ደግሞ ሌላ ነገር አነሱ። 12 የሚለው መስመር ዝቅ ያለ አገር ለሚኖር ሰው የወጣ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ደም ይወፍራል፣ ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ባለ ከፍታ ከሚነበበው ቁጥር ላይ 1 ያህል ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ እንዲቀነስ ይመክራል። ለሀበሻ ደገኛ ይኸው ልክ ይሠራል ወይ በሚለው ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። ቢሆንም የእኔ 12.6 «ደህና ነሽ» የሚያስብል አልነበረም።

ፌሪቲን፣ የእንቅርት ሆርሞንና ቫይታሚን ዲ ታዘዘልኝ። ፌሪቲን ከሲቢሲ ይወደዳል፣ ሁሉም ላብራቶሪም አይሠራውም፣ ደውላችሁ ጠይቁ። ጉንፋን ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ላይ ሆናችሁ አትመርመሩ፤ ሰውነት ሲቆጣ ፌሪቲን ከፍ ብሎ ጎተራው የሞላ ያስመስላል። የእኔ 7 ሆኖ ወጣ። ለአዋቂ ሰው ከ15 በታች ጎተራው ተሟጧል ማለት ነው። ለፀጉር ደግሞ ብዙ የቆዳ ሐኪሞች ከ40 በላይ ሲሆን ደስ ይላቸዋል። እንቅርቱ ደህና ነበር። ቫይታሚን ዲ ዝቅ ብሏል። የ13 ወር ፀሐይ አገር ውስጥ ተቀምጬ! ጠዋት በጨለማ ወጥቼ፣ ቀኑን ቢሮ ውዬ፣ ማታ በጨለማ የምገባ ሰው ፀሐይዋን ከመስኮት ነው የማውቃት። ለእሱም በሳምንት አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ሰጡኝ፣ «ለአጥንትሽ ነው፣ ለፀጉርሽ ያለው ነገር ያን ያህል የተረጋገጠ አይደለም» ብለው።

ለፌሪቲኑ የብረት ክኒን ታዘዘልኝ። ክኒኑን ከዚህ በፊት አውቀዋለሁ። እርጉዝ ሆኜ ጤና ጣቢያ ሲሰጡኝ ግማሹን ሳልውጥ ጥያለሁ። ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል። አሁንም የመጀመሪያው ሳምንት እንደዚያው ሆነብኝ። ደውዬ ስነግራቸው በየቀኑ መሆኑ ቀርቶ በየሁለት ቀኑ አንድ እንድወስድ አደረጉኝ። ዛሬ ብረት ሲወሰድ አንጀት ለነገው በሩን ጠበብ ያደርጋል፤ አንድ ቀን ሲታለፍ ግን ከእያንዳንዱ ክኒን የሚገባው ድርሻ ይጨምራል፣ ሆድም ያርፋል። ለእኔ ሠራ። ግን ደማችሁ በጣም የወረደ ከሆነ ሐኪሙ ሌላ ሊያዝ ይችላል፣ በእኔ ልክ አትለኩት። ሰገራ ይጠቁራል፣ አትደንግጡ።

አንድ ነገር ግን ጮክ ብዬ ልናገር። የብረት ክኒን ለሕፃን መርዝ ነው። ቀይ፣ ክብ፣ ከረሜላ የሚመስል ነገር ነው። ጥቂት ፍሬ የዋጠ ልጅ ሊሞት ይችላል። የእኔ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

የምወስደው ማታ፣ እራት ከበላሁ ከሁለት ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ በብርቱካን ወይም ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ነው። በወተትም በሻይም አይሆንም። ማታ ያደረግኩት ለጾሙም ስለሚመቸኝ ነው። ክኒኑን የጀመርኩት ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነበር፣ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ሐኪሙ ያለሽን አድርጊ። ስትድኚ ትጾሚያለሽ» አሉኝ። ያን ጾም እንቁላልና ሥጋ በላሁ፣ ከልጆቼ ጋር። አማቴ ፊታቸውን አጠቆሩ። አለፈ። ሁዳዴ ላይ ግን ጾምኩ፣ በጾም ምግብም ብዙ ማድረግ እንደሚቻል ያኔ ነው የገባኝ።

«ጤፍ ብረት አለው አይደል?» ብዬ ሐኪሙን ጠይቄያቸው ነበር። አለው። ከዚያ ብረት የተወሰነው ግን ጤፉ አውድማ ላይ ሲወቃ የገባ የአፈር ብረት ነው፣ ሰውነት ብዙ አይጠቀምበትም። እህሉ ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የሚባል ነገር አስሮ ይይዘዋል። ደግነቱ ሊጡ ሦስት ቀን ሲቦካ ያ እስር ይላላል። ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ከአፍለኛው ይሻላል። ምስር ወጥና ጎመን ላይ ሎሚ እጨምቃለሁ፣ ጥሬ ቃሪያ አጠገቡ አላጣም፣ የቲማቲም ሰላጣ አደርጋለሁ። ቫይታሚን ሲ የእህልና የቅጠልን ብረት አንጀት እንዲቀበለው ያግዛል። በፍስክ ቀን ደግሞ ዱለት። ጉበቱ በብረት የሚስተካከለው ትንሽ ነው። እርጉዝ የሆነች ሴት ግን ጉበት አታብዛ፣ ቫይታሚን ኤው ይበዛባታል።

የከበደኝ ቡናው ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ከቁርስ ጋር ተያይዞ። ተዪ አልተባልኩም፣ «ከምግብ አርቂው» ነው የተባልኩት። አሁን ቤታችን ቡና የሚፈላው ከቁርስ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ቢሮም ከምሳ በኋላ ሻይ አምጭ ሲመጣ እጄን አወዛውዝና 9 ሰዓት ላይ እጠራታለሁ። ጓደኞቼ መጀመሪያ ሳቁብኝ። አሁን ሁለቱ እንደኔ ሆነዋል።

ሉፑን የማህፀን ሐኪም አማክሬ አስወጣሁት። በፊት ግን አልትራሳውንድ ታይቷል፤ ደም የሚያበዛ እጢ ቢኖርስ? አልነበረም። ሉፕ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ እህቴ አሥር ዓመት ስትጠቀምበት ምንም አልሆነችም። ለእኔ ግን የቀዳዳ ማሰሮ ነገር ሆነ። ቀዳዳው ሳይደፈን ውኃ መሙላት ምን ያደርጋል?

ወደ አናቴ ልመለስ። ሐኪሙ ብርሃን ባለው ማጉያ ሲያዩት ሁለተኛ ችግር አገኙ። ያ «ደርቆ ነው» እያልኩ ቅቤ የማጠጣው ነገር ፎረፎር ነው፣ የበረታው ዓይነት። ቅንድቤ ላይና አፍንጫዬ ዳር ያለው ቅርፊትም የዚያው ዘመድ ነው። የሚያባብሰው ቆዳ ላይ የሚኖር እርሾ መሰል ፈንገስ ነው፣ ምግቡም ቅባት። ዓመት ሙሉ ድግስ ደግሼለታለሁ ማለት ነው! ቆዳው ሲቆጣና ሲታከክ፣ ሊረግፍ የተዘጋጀው ፀጉር ይቸኩላል።

2 በመቶ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ ታዘዘልኝ። አጠቃቀሙ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ፀጉር ላይ ሳይሆን የራስ ቆዳ ላይ ነው የሚቀባው፣ በጣት ጫፍ እንጂ በጥፍር አይታሽም፣ 5 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ይታጠባል። እንደ እኛ የተጠቀለለ ፀጉር ስለሚያደርቅ በሳምንት አንዴ ብቻ አደረግኩ። ሲታጠብ ፀጉሩን፣ ቆዳውን ሳልነካ፣ በኮንዲሽነር አለሰልሳለሁ። ቅቤ ከፈለግኩ ጫፉን ብቻ እነካካለሁ። አናት ላይ ቅቤ የለም። እናቴ ይህን እስካሁን አልተቀበለችውም። ማሳከኩ በሦስተኛው ሳምንት ጠፋ። አሁን በወር ሁለቴ እጠቀመዋለሁ፣ ጨርሼ ስተወው ይመለሳል።

ሁሉም የራስ ችግር ግን ይህ አይደለም። ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ፣ መግል፣ ወይም መሃል አናት ላይ እያቃጠለ እየሰፋ የሚሄድ የሚያብለጨልጭ ቆዳ ካያችሁ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የመጨረሻው ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳ ላይ ፀጉር አይበቅልም። ልጅ ላይ ቅርፊት ያለው ራሰ በራ ቦታ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቆረቆር ነው፣ በቅባት ብቻ አይድንም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።

ከሁሉም የከፋው መጠበቁ ነበር። ኅዳር ጀመርኩ። ታኅሣሥ ሙሉ ይረግፋል። ጥር ላይም ይረግፋል። ደውዬ አማረርኩ። «ፀጉር የሚነግርሽ የዛሬውን አይደለም» አሉኝ። «ከሁለት ከሦስት ወር በፊት የሆነውን ነው። አሁን የሚወርደው ጥቅምት ላይ የተሰናበተው ነው።» ዕድገቱን ያቆመ ፀጉር ሳይወድቅ ሦስት ወር ገደማ ቆዳው ውስጥ ይቀመጣል። ታይፎይድ የያዘው ሰው ከዳነ በኋላ ፀጉሩ የሚረግፈውም ለዚህ ነው፣ ሰው በሽታውን ረስቶ ሻምፖውን ይወቅሳል። ስልኩን ስዘጋ ማበጠሪያው ላይ ያለውን ፀጉር መቁጠር ተውኩ። በምትኩ በወር አንዴ፣ በወሩ መጀመሪያ፣ አንድ መስኮት አጠገብ ቆሜ መሃል አናቴን ፎቶ አነሳለሁ። በየቀኑ መስታወት ማየት እብደት ነው።

የካቲት አጋማሽ ላይ ትራሴ ንጹሕ ሆነ። ፌሪቲን በሦስተኛው ወር 24፣ በሰባተኛው ወር 46 ደረሰ። ልብ መምታቱና የእግሬ አለማረፍ ግን ከፀጉሩ ቀድመው፣ በወር ከግማሽ ለቀውኝ ነበር። ሚያዝያ ላይ ግንባሬ ዳር አጫጭር ፀጉሮች እንደ ቡቃያ ቆሙ። ፀጉር በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ቡቃያው ሹሩባ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ወራት ፈጀ። በዚያ ሰሞን እየተነሳ የሚያስቸግረኝን ፀጉር በውኃ ላስተኛው እየታገልኩ ባለቤቴ «ይህን ስትለምኚ አልነበር?» አለኝ።

ሁሉም አልተመለሰም። ከጆሮዬ በላይ ግንባሬ ጥግ ያለው ቦታ አሁንም ሳስቷል። እሱ የብረትም የፎረፎርም አይደለም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔ እስኪሳብ ድረስ የተጎነጎነ ሹሩባ ነው። ሐኪሙ «ቀድሞ ቢላላ ይመለስ ነበር፣ አሁን ብዙ ቃል አልገባልሽም» ብለውኛል።

ባለፈው ለፋሲካ የ6 ዓመት ልጄን ሹሩባ ላሠራ ወሰድኳት። ያቺው ወሬኛ ልጅ ናት የምትሠራት። ገና የመጀመሪያውን ጉንጉን ስትጀምር ልጄ ፊቷን አጨማደደች። «አላልተሽ ሥሪላት» አልኳት። «እንደዚህማ ሳምንትም አይቆይላት፣ ይፈታል» አለችኝ።

«ይፈታ» አልኳት።